መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ቀለሙ በኋላ

ልጅ «መኪና ልግዛ» ሲል አብዛኞቻችን ወላጆች ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «በምን አቅምህ!» ብለን እንቆጣለን፤ ወይ ደግሞ ያለችንን ቆጥረን ሰጥተን ቀሪውን ለእግዚአብሔር እንተዋለን። ሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ሦስተኛ መንገድ አለ እላለሁ። እሱም አብሮ ሄዶ መመርመር ነው። ያገለገለ መኪና እንደ ሕመምተኛ ነው። ታሪኩ ይጠየቃል፣ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ይደመጣል። ስለ መድኃኒቱና ስለ ወጪው የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ እኔ ወዳለሁበት ወደ እንፍራንዝ ይመጣል፤ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ አልፎ ጎንደር ይዘልቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ስፖርት መኪና ላይ ነው። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ስትነሳ ሰፈር የምታስገመግም። ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥሎ ሲደርሰው «እማዬ፣ ትንሽ ብትጨምሪልኝ ይሞላልኛል» አለኝ። ትልቋ ልጄ ሰምታ ተቆጣች። «የቤቱ ቆርቆሮ እያፈሰሰ የጡረታ ብር ለጎማ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ቆርቆሮው ያፈስሳል። ግን ልጁ መግዛቱ አይቀርም፤ ብቻውን ከሚገዛ አብሬው ብሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እጨምራለሁ አልኩት፣ በሁለት ውል። አንደኛ፣ መኪናውን ሳላየው ብር አይወጣም። ሁለተኛ፣ ከተገዛ በኋላ ብሩ የሚወጣው በተራ ነው። መጀመሪያ ለሚያቆመው፣ ቀጥሎ ለሚያስኬደው፣ መጨረሻ ለሚያሳምረው።

ይህን ተራ ያስተማረኝ የምንኖርበት መንገድ ነው። እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ናት። የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ከሚባለው ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ሜዳውና ጣና ደስ ይላሉ። ለጤና ባለሙያ ግን መንገዱ ሌላ መልክም አለው። በጤና ጣቢያ ሥራዬ ከተገለበጠ መኪና የወጡ ልጆች በጋቢ ተጠቅልለው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ተቀብያለሁ። አብረው የመጡት ሰዎች ገና ቁስሉን ሳጥብ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው»፣ «ጎማው ፈንድቶ ነው» ይሉኛል። የመኪናው ቀለም ምን እንደነበረ የነገረኝ ሰው የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ወጣት ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ልቡ ግን አልተማረውም።

መጀመሪያ ያየናት ባሕር ዳር ውስጥ በደላላ የተገኘች ቀይ ሁለት በር ነበረች። ልጄ ገና ከሩቅ ሲያያት ዓይኑ በራ። ደላላው «የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ሥራ ቦታ ብቻ ነው የተነዳችው» አለ። ዕድሜ ልኬን ከዶክተሮች ጋር ስሠራ ይህን ያህል መኪና የሸጠ ዶክተር አላየሁም። ሊብሬውን ተቀብዬ የሻንሲውን ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አመሳከርኩ። ሁለት ቁጥሮች ከሌሎቹ ጠለቅ ብለው ተመትተዋል። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ትኩሳት አላት! እኛ ከመድረሳችን በፊት አስነስተው አሙቀዋት ነበር። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ደካማ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ብዙውን ይደብቃል። ስለዚህ መኪና የሚታየው በጠዋት፣ ባለቤቱ ሳያስነሳው ነው። ጭሱም ይነበባል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶበት መሆኑን ይናገራል። የእሷ ሰማያዊ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ይዤ ነበር። ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ በወፍራም ስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ ግን አይጣበቅም። በቀኝ በኩል ካለው ስፖርቴሎ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ማግኔቷ እየተንሸራተተች ወደቀች። ያ በኩል አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ነበር ማለት ነው። ልጄ ደግሞ መለዋወጫ ሱቆች ዞሮ ሲጠይቅ «የእሷ የለም፣ ከውጭ ይታዘዛል» አሉት። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ነበር። መድኃኒቱ አገር ውስጥ የሌለ በሽታ በገንዘብ አይገዛም። «ይቅርብህ ልጄ» አልኩት። ሐሙሲትን አልፈን፣ ወረታን አልፈን፣ እንፍራንዝ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ኩርፊያ ከመቃብር ይሻላል።

የዛሬ ዘመን ገበያ ለምን እንዲህ ያሉ የተኳሉ መኪኖች እንደበዙበት ማወቅ ጥሩ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት አገደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ወጣ። ዋጋ ሲወጣ መጣል የነበረባትም ትኳላለች፣ ትቀባለች፣ ገበያ ትወጣለች። በሊብሬ ላይ ያለው የሥሪት ዘመን ሳይሆን ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደተያዘች ነው ዋጋዋን መወሰን ያለበት።

ጎንደር የምናውቀው አንድ መካኒክ «ሲስተር፣ ለእርሶ ልጅ የምትሆን ቮልስ አለች» ሲለን ልጄ ሳቀ። «የሽማግሌ መኪና!» አለ። እኔ ግን ቮልስን በሌላ ዓይን ነው የማያት። ልጅ ሳለሁ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም መኪና እሷ ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰዳቸው በቮልስ ዋገን ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን አይረሳም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 2003 ስለሆነ ዛሬ አዲስ የምትባል የድሮ ቮልስ የለችም። ሁሏም ያገለገለች ናት።

ልጄን ያሸነፈው ግን የእኔ ትዝታ አይደለም፤ የመካኒኩ ወሬ ነው። «ፖርሸ የሚባለውን ስፖርት መኪና ታውቀዋለህ?» አለው። «በስሙ የወጣው የመጀመሪያው፣ 356 የሚባለው፣ በፈረንጆች 1948 ሲሠራ ሞተሩም ብዙ ዕቃውም የተወሰደው ከቮልስ ነው። ቮልስን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሸ ናቸው፤ ያን ስፖርት መኪና ያወጣው ልጃቸው ነው።» ልጄ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ክዳን ከፈተ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት። ራዲያተር የለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፋው አየር ነው። ለእንፍራንዝ ሐሩር ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ውኃ አለቀባት ብሎ መንገድ ላይ መቆም የለም።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። አንድ ደብተር አወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የተለወጠ ዕቃ፣ የተከፈለ ዋጋ፣ ሁሉም በእጃቸው ተጽፏል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ የሕመምተኛ ካርድ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! «ፍሬኗ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል በልቷል፣ ጎማዎቹ ቆይተዋል» ብለው ራሳቸው ነገሩን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሳቸው አልሸሸጉም። ልጄ የኋላ መቀመጫውን አንስቶ አየ። ባትሪው ያለው እዚያ ሥር ነው፤ ወለሉም እንዳሉት በልቷል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ጥሩ ይመስላል፤ ግን በጎናቸው ላይ ባለችው ሞላላ ምልክት ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች 1009 ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይናገራሉ። በ2009 አሥረኛ ሳምንት የተሠራ ጎማ፣ ጥርስ ቢኖረውም፣ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንባቢ ወላጆች ይህችን ቁጥር ዛሬውኑ በቤታችሁ መኪና ላይ እዩ።

የተገኘውን ሁሉ በወረቀት ጻፍን፣ የማሠሪያውን ዋጋ መካኒኩን አስገምተን ከዋጋው ላይ ተነጋግረን አስቀነስን። ከዚያ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣርተን፣ ውሉን በመንግሥት አዋዋይ ፊት ተፈራርመን፣ ሊብሬውን በልጄ ስም አዞርን። ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት ብቻ በተጻፈ ወረቀት መኪና የሚገዛ ሰው አሁንም አለ። ሽማግሌ ያከብራል እንጂ ስም አያዞርም። የሦስተኛ ወገን መድኑንና ቦሎውን ሳያሟላ ልጄ መሪ አልጨበጠም። ለመግዣ ከያዝነው ብር ሲሶውን ደግሞ አልነካነውም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ማሠሪያ ብለን ለየነው። ያለውን ሁሉ ከፍሎ መኪና የሚገዛ ሰው የገዛው መኪና ሳይሆን ጭንቀት ነው።

ከዚያ ተራው መጣ። መጀመሪያ የሚያቆመው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎማ ጋ ዘይት ከፈሰሰ የአራቱም ፍሬን ይጠፋል። ሁለት መስመር የመጣው በፈረንጆች ከ1960ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነው። የእኛዋ ከቀድሞዎቹ ናት። ስለዚህ ጎሚኒዎቹ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹ፣ የፍሬን ሸራው በሙሉ ተቀየሩ፤ የእጅ ፍሬኑ ሽቦም እንዲሁ፤ የእግሩ ከጠፋ የሚቀረው እሱ ነውና። አዲስ አራት ጎማ ገባ። ቀጥሎ የሚያስኬደው። የሞተሩ ሙቀት አጠገብ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ደርቆ ነበር፤ እሱ ሲሰነጠቅ ነው ቮልስ እሳት የሚነሳባት። ባትሪው ላይ የላስቲክ ክዳን ተደረገ፤ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሱም እሳት ነው። አንዳንዱ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ መጣ፣ አንዳንዱ ጎንደር ተገኘ።

ስምንት ወር ሙሉ ቮልሷ ዝንጉርጉር ሆና ነዳት። የወለሉ ላሜራ ሲበየድ የተነካካው ጎኗ ግራጫ፣ ስፖርቴሎዋ ነጭ፣ ኮፈኗ የድሮው ሰማያዊ። ጓደኞቹ «ነብሯ መጣች» እያሉ ይስቁበት ነበር። አንድ ማታ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ቀለም ቀቢ አግኝቷል፤ ቀይ ቀብቶ፣ ሞላዋን ቆርጦ ዝቅ አድርጎ፣ ሰፊ ቸርኬ ገጥሞ በዱቤ ሊሠራለት ነው። «እማዬ፣ ሰው እኮ እየሳቀብኝ ነው» አለኝ። በሃያ ስድስት ዓመት መሳቂያ መሆን ቀላል አይደለም፣ አልናቅኩበትም። ሞላ ሲቆረጥ ግን መኪናዋ ጉድጓድ የምትችልበት አቅም ይቀንሳል፣ ጎማውም ላሜራውን ይነካል፤ በእኛ መንገድ ይህ ውበት አይደለም። ሞተሯ ደግሞ 40 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። «ዝቅ ብትልም አትሮጥም» አልኩት። ፈገግ ቢልም ሐሳቡን አልተወም። ብሩ የእሱ፣ መኪናዋም በስሙ ናት፤ ከምክር በላይ ማድረግ አልችልም ነበር።

በዚያው ክረምት የትልቋን ልጄን ልጅ፣ የስድስት ዓመቷን፣ ይዘን ከጎንደር ተመለስን። ዝናብ ስለነበረ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ብርድ ስለነበረ ማሞቂያው ተከፍቷል። ማክሰኝትን ካለፍን በኋላ ልጅቷ «ራሴን» አለች። ቆይታ አቅለሸለሻት። ልጄ «መንገዱ ነው» አለ። እኔ ግን የእኔም ራስ እንደከበደኝ ልብ አልኩ፤ እሱንም ስጠይቀው «ትንሽ» አለ። የአንድ ሰው ራስ ምታት ሕመም ነው፤ አብረው የተቀመጡ ሦስት ሰዎች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ሲያማቸው ግን አየሩን መጠርጠር ነው። «አቁም!» አልኩት። ወርደን በዝናቡ ቆምን። ልጅቷ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሻላት፣ እንጀራም ጠየቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ ራዲያተር ስለሌላት ማሞቂያዋ ሙቀቱን የሚያገኘው የጭስ ማውጫውን ከከበበ ሳጥን ነው። ያ ቱቦ ዝጎ ከተበሳ ጭሱ ከሞቀው አየር ጋር ተቀላቅሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር ከኦክስጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውነት አየር እየሳበ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዚያ ሞት። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሲያይ የግራው ሳጥን በዝገት ተበልቶ ሁለት ቦታ ተበስቷል። ልጄ ቀዳዳውን በጣቱ ነካው፤ ከዚያ የእህቱን ልጅ አያት። ምንም አላልኩትም።

ለቀለሙ ቅድሚያ ሊከፍል ያስቀመጠው ብር ለሁለት አዲስ የማሞቂያ ሳጥንና ለማርሚታ ሆነ። በተረፈው ለፊትም ለኋላም የደህንነት ቀበቶ አስገጠመ፤ የኋላው ለልጅቷ ነው። ትልቋ ልጄ ይህን ስትሰማ ስለ ቆርቆሮው ያላትን ቁጣ አልተወችም፣ ግን ልጇን እንደገና በቮልሷ ላከቻት። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ምስክርነት ይበልጣል።

ለወላጆችና ለአያቶች የምለው ይህን ነው። የልጅን ምኞት መሳቂያ አናድርገው፤ ስፖርት መኪና መመኘት ነውር አይደለም። ግን ብራችንን ስንሰጥ ተራውንም አብረን እንስጥ። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ወዲያው መጨበጥ ያለበት ልማድም ጥቂት ነው። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጥቂት ሲጎድልም ይጎዳታል። የአምራቹ መመሪያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል፤ እኛ በአቧራችን ምክንያት በ3,000 እንቀይራለን። ቫልቯ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይስተካከላል። እየነዱ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋዋ ተበጥሳ ይሆናልና ወዲያው ይቆማል፤ «ቤት ልድረስባት» ማለት ሞተር መቅበር ነው። ይህ ሁሉ በደብተር ይጻፋል። የመምህሩ ደብተር አሁን በልጄ እጅ ጽሕፈት ቀጥሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን፣ ቺንጋዋን፣ የፍሬን ዘይቱንና ጎማዎቹን ያያል። ከዚያ ይደውልልኛል። «እማዬ፣ ራውንድ ጨርሻለሁ፣ ሕመምተኛዋ ደህና አድራለች» ይለኛል። እኔም ቡናዬን እጥዳለሁ። ቀለሙን ለመስከረም ቀጥረነዋል፤ ቀይ ይሁን ብሏል፣ እኔም ተስማምቻለሁ።